«ሂት»፦ የዝርፊያ ፊልሞች ቁንጮ ወይስ ዝናው የበዛበት?

ማይክል ማን ጽፎ ያዘጋጀው «ሂት» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ታሪኩ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ኒል ማኮሊ (ሮበርት ደ ኒሮ) ጠንቃቃ የዘራፊዎች አለቃ ነው። ቪንሰንት ሃና (አል ፓቺኖ) ደግሞ እረፍት የማያውቅ መርማሪ። ሁለት ተከራካሪዎች ፊልሙ ዝናው ይገባው እንደሆነ ይሟገታሉ። መጨረሻው ጭምር ስለሚነሳ ያላያችሁት ቀድማችሁ እዩት።

ደጋፊ፦ ይገባዋል፣ እንዲያውም ያንስበታል። ብዙ የዝርፊያ ፊልም የሚያሳየን ብልጠት ነው። «ሂት» የሚያሳየን ሥራ ነው። የከበሩ ማዕድናት ማከማቻውን በሌሊት ሊሰብሩ የሄዱበትን ትዕይንት አስታውሺ። አንዱ ውስጥ ካዝናውን እየበሳ ነው። ኒል ውጭ ጨለማ ውስጥ ቆሟል። ፖሊሶቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ተሸሽገዋል። ከመሃላቸው አንዱ ሲቀመጥ ብረት ይነካና «ኳ» ይላል። በቃ፣ ይቺው ናት። ኒል ድምፁ ወደመጣበት ያፈጣል፣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሥራውን ጥለው ይወጣሉ። ሃናም ዝም ብሎ ይለቃቸዋል፤ ምንም ሳይሰርቁ ቢይዛቸው ክሱ ቀላል ነው። አንድ ጥይት ሳይተኮስ ሁለቱም ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ አወቅን።

ተቃዋሚ፦ እሱ ትዕይንት ግሩም ነው፣ አልከራከርህም። የምቆጨው ፊልሙ ራሱ ያንን ጥንቃቄ በኋላ ስለሚጥለው ነው። ከዚያ በኋላ ዘራፊዎቹ ሌላ ቦታ ሊሰርቁ ያሰቡ መስለው ፖሊሶቹን ያታልላሉ። ፖሊሶቹ ቦታውን ሊያዩ ሲመጡ ኒል ከሩቅ ሆኖ ፎቶ ያነሳቸዋል። እንዲህ ዓይነት ፍልሚያ ካሳየኸን በኋላ ትልቁ የባንክ ዝርፊያ እንዴት ተነቃ? በጥቆማ! ሃና አስቦ አልደረሰበትም። ስልክ ተደወለለት እንጂ። ያን ሁሉ ሰዓት ያየነው የአእምሮ ግጥሚያ በሌላ ሰው ወሬ ተቋጨ። ይህ ለእኔ ትንሽ ቀዳዳ አይደለም፤ የፊልሙ ወገብ ላይ ያለ ስብራት ነው።

ደጋፊ፦ ጥቆማው ከሰማይ አልወረደም እኮ። ምንጩ ዌይንግሮ ነው። ገና በመጀመሪያው ዝርፊያ ያለ ምክንያት ሰው የገደለው፣ ኒል ሊያስወግደው ሲል ያመለጠው። ኒል አንድ ሥራ ሳይጨርስ ተወ፣ ያ ሥራ ተመልሶ መጣበት። ደግሞ ታሪኩ መሠረት አለው። ኒል ማኮሊ የሚባል ዘራፊ በእርግጥ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ቺካጎ ውስጥ በፖሊስ ተገደለ። ያሳደደው መርማሪ ቸክ አዳምሰን ከመታኮሳቸው በፊት ከሰውዬው ጋር ቡና ጠጥቶ ነበር። ሃናና ኒል ፊት ለፊት የተቀመጡበት ዝነኛ ትዕይንት የመጣው ከዚያ ነው።

ስለ ተኩሱማ ምን ልበልሽ። ከባንኩ እስኪወጡ ሙዚቃው ልብ ይሰቅላል። ተኩስ ሲጀመር ሙዚቃው የለም። የምትሰሚው ጠመንጃውን ብቻ ነው፣ ከፎቅ ፎቅ እየተጋጨ የሚመለሰውን። ማይክል ማን ከመጋዘን የተዘጋጀ ድምፅ አላመጣም፤ እዚያው መንገድ ላይ የተቀረጸውን ነው የተጠቀመው። ተዋናዮቹም በደንብ ሠልጥነዋል። አንዱ ሲተኩስ ሌላው ይሮጣል፣ ጥይት ሲያልቅ ካርታ ይቀይራሉ። ተኩስ ጨዋታ መስሎ ከሚታይባቸው ፊልሞች ጋር አወዳድሪው እስቲ።

ተቃዋሚ፦ ድምፁ ላይ ተስማምተናል። ርዝመቱስ? ወደ 170 ደቂቃ! ማይክል ማን ይህንኑ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1989 ለቴሌቪዥን ሠርቶት ነበር፤ ያኔ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በቅቶታል። የጨመረው ጊዜ ብዙው የሄደው ሴቶቹ ቤት ቁጭ ብለው ወንዶቹን ሲጠብቁ በማሳየት ነው። የሃና ሚስት ትጠብቃለች፣ ታማርራለች። የእንጀራ ልጁ ሎረን ራሷን ልታጠፋ ትሞክራለች። ስለ ልጅቷ ግን ምን አወቅን? ምንም። ሃና እንዲደነግጥ ብቻ የገባች ናት። የፓቺኖ ጩኸትም አለ። አንዳንዱ ትዕይንት ላይ መርማሪ ሳይሆን መድረክ ላይ ያለ ተዋናይ ነው የሚታየኝ።

ደጋፊ፦ ሎረን ላይ እውነትሽን ነው። ሻርሊንን ግን ከነሱ አትደምሪብኝ። ፖሊሶቹ ከዘራፊዎቹ አንዱ የሆነውን ባሏን ክሪስን እንድታስይዝላቸው ቤት ውስጥ ይዘዋታል። እሱ ታች በመኪና ይደርሳል። እሷ በረንዳው ላይ ሆና ያያታል፣ ፈገግ ይላል። እጇን በትንሹ ብቻ ታንቀሳቅሳለች፣ ሂድ ማለቷ ነው። የባሏ ፈገግታ ይጠፋል። ያጣላቸው ነገር ሁሉ እያለ አዳነችው። አንድ ቃል የለም።

መጨረሻውስ? ኒል ሰው ከምንም ነገር በ30 ሴኮንድ ውስጥ ጥሎ መሄድ መቻል አለበት ብሎ ያምናል። ከፍቅረኛው ከኢዲ ጋር ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እየነዳ፣ ዌይንግሮ ያለበትን ሆቴል ያውቃል። መጀመሪያ ይተወዋል። ከዚያ ፊቱ ሲለወጥ እናያለን፣ መሪውን ያጥፈዋል። ለበቀል ሲሆን ሕጉን ጣሰ። ሃናን አይቶ ኢዲን መኪና ውስጥ ጥሏት ሲሄድ ደግሞ ሕጉን አከበረ። ባከበረበትም በጣሰበትም ቦታ ከሰረ። እንዲህ ያለ የተሟላ ገጸ ባሕርይ ከየት ይመጣል?

ተቃዋሚ፦ ለኒል የተሟላ ነው። ኢዲ ግን የምትጣል ሰው ስላስፈለገ ብቻ የተጻፈች ናት። ልብ የሚነካውን ሰው ፊልሙ ራሱ ረስቶታል፣ ብሪደንን። ከእስር ወጥቷል፣ ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ አለቃው ከደመወዙ ሩቡን ይወስድበታል። ሚስቱ ትኮራበታለች። በዝርፊያው ቀን ኒል ድንገት አግኝቶት ሹፌር ሁንልን ይለዋል። በቅጽበት እሺ አለ። መሪ እንደያዘ ሞተ፣ ሚስቱም የሰማችው ከቴሌቪዥን ነው።

ደጋፊ፦ በጥቂት ደቂቃ እንዲህ ካስቆጨሽ ማይክል ማን ተሳክቶለታል። ደግሞ ይጨመር ካልሽ፣ ረዘመ ያልሽው የት ሄደ?

ተቃዋሚ፦ ቦታው ነዋ ያላማረኝ! ዌይንግሮ ሴት ልጅ የሚገድልበት ታሪክ ይውጣ። ሰውዬው አረመኔ መሆኑን ከመጀመሪያው ዝርፊያ አውቀናል። ያ ጊዜ ለብሪደን ይሰጥ። እሺ ከማለቱ በፊት ምን እንዳሰበ፣ ሚስቱን ምን ሊላት እንደነበር ማየት እፈልጋለሁ።