ደህና መሆንዎን ማን ነገረዎት?

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ መኪና በዘፈቀደ እያስቆሙ ትንፋሽ ስለመመርመር ይወራ ነበር። አንድ ተጋባዥ «ልምድ ያለው ሹፌር በሁለት ቢራ አይሳሳትም፤ ችግሩ አቅሙን የማያውቀው ጋ ነው» አሉ። አወያዩም ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። እንዲህ ያለ ነገር ይታለፋል?

አቅሙን የማያውቀው ማነው ታዲያ? ጠጥቶ መሪ የጨበጠ ሁሉ አቅሙን እንደሚያውቅ እርግጠኛ ነው። እርግጠኛ ያደረገው ደግሞ ራሱ መጠጡ ነው። አልኮል እግር ሳያንገዳግድ፣ ምላስ ሳያስር በፊት የሚነካው ፍርድን ነው። «ይበቃኛል» እና «ቁልፉን ለሌላ ልስጥ» የሚያሰኘው የአእምሮ ክፍል ቀድሞ ይደነዝዛል። ስለዚህ «ደህና ነኝ ወይ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ጠጪ መልሱን የሚሰማው ከጠጪ ነው። ሌላ ምን ሊባል ነበር? ደህና ነህ ይባላል! ተከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም አንድ ሰው ነው፤ ያውም ሞቅ ያለው። ተጋባዡ ይህን ችሎት እመኑ ነው የሚሉን።

ልምድማ ለጠጪ የሚያስተምረው ስካርን መደበቅ ነው። ቃላት አይጎትትም፣ ቁልፉን ሳይስት ይሰካል፣ «ኧረ እሱ ምንም አልሆነም» የሚል ጓደኛም አያጣም። ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ ላይማ ማን አቃተው? ስፖኪዮ እያየ፣ ከፊት የመጣ ረጅም መብራት ዓይኑን እየወጋው፣ ከቆመ መኪና ኋላ ልጅ ብቅ ሲል ነው ጉዱ የሚወጣው። ትኩረትን መከፋፈል ሲያስፈልግ መጠጡ ይከዳዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። እግሩ ወደ ፍሬን ለመሄድ ግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ ከ8 ሜትር በላይ ነው። ልጁ የቆመው ስድስተኛው ሜትር ላይ ቢሆንስ?

ሁለት ቢራ ሁሉንም እኩል አይነካም፣ እሺ። ክብደት፣ ጾታ፣ ባዶ ሆድ ለውጥ ያመጣሉ። ይህ ግን የሚመሰክረው ለእኔ ነው። በጠርሙስ ቆጠራ የማይታወቅ ከሆነ በመሣሪያ ይለካ! ደግሞስ የሁለት ቢራ ልማዱ ሦስት መሆን አይደለም?

«ቡና ጠጥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ» የሚሉትን ተዉአቸው። ጉበት አልኮሉን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው። ቡናው የሚያተርፈው የነቃ ሰካራም ነው።

ኖርዌይ በደም ውስጥ ላለ አልኮል በሕግ ገደብ ያበጀችው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ስዊድን በ1990 ገደቡን ወደ 0.02 በመቶ አወረደችው። የአሜሪካዋ ዩታ በ2018 መጨረሻ ከ0.08 ወደ 0.05 ቀነሰች። እዚያ ልምድ ያለው ሹፌር ጠፍቶ ይሆን?

«የሚንገዳገደውን መኪና ብቻ አስቁሙ» የሚለው ነገር ደግሞ ጭራሽ አይገባኝም። መኪናው እስኪንገዳገድ የሚጠበቀው ለምንድን ነው? ቀጥ ብሎ የሚነዳውንም አስቁሞ «ንፋ» ማለት ነው። ያልጠጣ ሰው ነፍቶ መንገዱን ይቀጥላል። የጠጣው ቢያኮርፍ፣ ያኩርፍ።