ይድረስ በቀኝ ኪሴ ለምትኖረው ሰንጢ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከግራ አውራ ጣቴ በቀር ደህና ነኝ። የጣቴን ነገር አንተው ታውቀዋለህ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ ገና ያልተከፈተ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው። 23 ካርቶን ይቀረናል። ተከፍቶ፣ ተቆራርጦ፣ ታስሮ መውጣት አለበት። አንተ ግን ከሦስተኛው ጀምሮ ሥራ አቁመሃል።

የመጀመሪያው ካርቶን ላይማ ማን ይችልሃል! "ቀጭ" ብለህ ስትከፈት ባልደረቦቼ ዞር ብለው ያያሉ፣ እኔም ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ። ፕላስተሩን ሽው አድርገህ ትሰነጥቀዋለህ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ታንገራግራለህ። ሦስተኛው ላይ መቁረጥ ትተህ መቦጨቅ ትጀምራለህ። አምስተኛውን ያየ ሰው "ይሄን አይጥ ነው የበላው?" ብሎ ይጠይቃል። ጠይቆኛልም፤ አለቃዬ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ ያንተ አይደለም። ካርቶን ሲያዩት የዋህ ይመስላል። ሁለት ጠፍጣፋ ወረቀት፣ መሃላቸው እንደ ማዕበል የታጠፈ ሦስተኛ ወረቀት፣ በቃ። ግን አብዛኛው ካገለገለ ወረቀት ተመልሶ የተሠራ ስለሆነ ደቃቅ አሸዋና ብናኝ አይጠፋውም፤ ስለትህን እየፈገፈገ የሚበላው እሱ ነው። በዚያ ላይ የፕላስተሩ ሙጫ ይለጠፍብሃል፣ ሙጫው ላይ የካርቶን ብናኝ፣ ብናኙ ላይ ሌላ ሙጫ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ለመታጠፍ እንኳ ታቃስታለህ። ይገባኛል። ግን ማታ ማታ በሞረድ ተስለህ አይደል የምታድረው? ታዲያ ረፋዱ ላይ ዱልዱም የምትሆንብኝ ምን በድዬህ ነው? ሥጋ ሰጥቶ ቢላ ነሳው ይባላል። እኔን ቢላውንም ሰጥቶ ስለቱን ነሳኝ።

ወደ ጣቴ ልምጣ። ማክሰኞ ዕለት ጫፍህ የካርቶኑ ጥግ ላይ ተቀረቀረ። ላወጣህ ወዘወዝኩህ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረግኩህ። አንተም፣ መቆለፊያ የሚባል ያልፈጠረብህ፣ በአንዲት ስፕሪንግ ቸርነት ቀጥ ብለህ የምትቆም ሰውዬ፣ "ለዛሬ ይበቃኛል" ብለህ ወደ ቤትህ ገባህ። በሩ ላይ የኔ ጣት ነበር። ሲገርመኝ የሚኖረው፣ ስትዘጋም ያሰማኸው ያችኑ የምኮራባትን "ቀጭ" ነው።

ሐሙስ ደግሞ ተስለህ መጣህ። ፕላስተሩን፣ ካርቶኑን፣ ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን የአዲስ ወንበር ጨርቅ፣ ሁሉንም በአንድ ምት። "ከፋብሪካው እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው" ብዬ ዋሸሁልህ። ማንም አላመነኝም።

ሙያ አልጎደለህም እኮ። ካቻቢቴ አለህ፣ መቀስ አለህ፣ ወረንጦ አለህ፣ ስቴኪኒ ሳይቀር አለህ (ማን እንደተጠቀመበት አትጠይቁኝ)። ቅድመ አያቶችህ በ1891 እ.ኤ.አ. ለስዊዘርላንድ ጦር መታደል ሲጀምሩ ጣሳ እንዲከፍቱና ጠመንጃ እንዲፈቱ ነበር። ጣሳና ጠመንጃ። ካርቶን ያለ ሰው የለም።

መሳቢያው ውስጥ ካተር አለ። ቢጫ ፕላስቲክ፣ ሲከፈት ማንም ዞር ብሎ የማያየው። ይህን ዓይነቱን ኦሳካ ውስጥ ዮሺዮ ኦካዳ የሚባል ጃፓናዊ በ1956 እ.ኤ.አ. ሲፈለስመው ሐሳቡ የመጣለት ተቆርሶ ከሚበላ ቸኮሌት ነው ይባላል። ሲደንዝ ጫፉን ትሰብረዋለህ፣ አዲሱን ስለት ወደፊት ትገፋዋለህ። ሞረድ የለ፣ ልመና የለ። ባልደረባዬ በሱ የድርሻዋን ከፍታ፣ ቆራርጣ፣ አስራ፣ ሻይዋን ይዛ ቆማ ታየናለች። "ካተሩን ልስጥህ?" አለችኝ ቅድም። "አይ፣ የራሴ አለኝ" አልኳት። ሰማኸኝ አይደል? በታሸገ ጣት እንዲህ የሚልልህ ማን አለ?

ለማንኛውም 23ቱ እየጠበቁ ነው። እስከዚያው በቤቴ ቁልፍ እሞክራለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ባለቤትህ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ አሽጌልሃለሁ። ፖስታ መክፈት እንኳ አያቅትህም ብዬ ነው።