ክብር ለዓይን መዛኞቻችን

ባለፈው እሑድ የዘመድ ክርስትና ተጠርተን ሄድን። የግቢውን በር አልፈን ገና የጫማችንን ጭቃ ሳናራግፍ፣ በአንድ እጃቸው የወጥ ጭልፋ በሌላው የነጠላቸውን ጫፍ የያዙ አንዲት እናት ከድንኳኑ ማዶ ሆነው ልጃችንን አዩትና «ውይ! ምነው ልጁ ከሳ?» አሉ። ደህና ዋላችሁ የለ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ የለ። ባለቤቴ ለድግሱ ብላ ያበራችው ፊት እዚያው በሩ ላይ ጠፋ። እኚህን እናት ከዚያ በፊት አይተናቸው አናውቅም። እሳቸውም ልጁን ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር።

ከምን ተነሥቶ እንደከሳ ልጠይቃቸው አስቤ ተውሁት። ባለሙያ ሥራው ላይ ሳለ አይቋረጥም።

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ለቅሶ ቤት አሉ፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አሉ። ዛሬ የተነሣሁት ግን ላማርርባቸው አይደለም፤ የሚገባቸውን ምስጋና ለማቅረብ ነው። አገራችን ምን ብትቸገር መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ፣ ባትሪ የማይበላ፣ መለዋወጫው በዶላር የማይገዛ ሚዛን አላት። የሥጋ ቤቱን ሚዛን አጥንት ያታልለዋል። በየመንገዱ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡት ልጆች እንኳ «ጋሼ፣ ጫማዎን ያውልቁ» ይላሉ። ዓይን መዛኞቻችን ግን ሕፃኑ በሹራብ ላይ ጃኬት፣ በጃኬት ላይ ጋቢ ተደርቦለት በአባቱ ትከሻ ላይ እንደተኛ፣ ከኋላው ሆነው፣ በማጅራቱ ብቻ ይመዝኑታል። እነዚህን ሰዎች አውሮፕላን ማረፊያ ብናቆማቸው እኮ የሻንጣ መመዘኛ የሚባል ነገር ባላስፈለገን ነበር፦ «ውይ! ምነው ሻንጣህ ወፈረ? 23 ኪሎ አልፏል፣ በርበሬውን ቀንስ።»

ሚዛኑ አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ መካከለኛ ቁጥር የለውም። ልጁ ወይ ከስቷል፣ ወይ ደግሞ ጉንጩ ሞላ ካለ «እንትፍ እንትፍ በሉበት እንጂ! እንዲህ አድርጋችሁ ወደ ሰው ታወጡታላችሁ?» ይባላል። «ልጁ እንደ ነበረ ነው» የተባለለት ሕፃን እስካሁን አልገጠመኝም።

ከሁሉም የማደንቀው ግን ርቀት የማያግደው መሆኑን ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ከሁለት ወር በፊት በቪዲዮ ደወሉ። የሰፈራችንን ኔትወርክ ታውቁታላችሁ፤ ድምፅ ሲመጣ ምስል ይቀራል፣ ምስል ሲመጣ ድምፅ ይቀራል። ባለቤቴ ስልኩን ወደ ልጆቹ አዞረች። ምስሉ ሁለት ሰከንድ ያህል ተንቀሳቀሰና ደረቀ። አክስቴ ዘንድ የደረሰው አንድ ዓይኑ የተጨፈነ፣ አፉ የተከፈተ፣ ጉንጩ አራት ማዕዘን የሆነ ሕፃን ነበር። «ወይኔ!» አሉ። «ይኼ ልጅ አልቋል እኮ!» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

የተቋረጠው ከእኛ ጋር ነው እንጂ ከዓለም ጋር አይደለም። አክስቴ ወዲያው ሪያድ ላለችው ታናሽ እኅታቸው ደወሉ። እሷ ደብረ ብርሃን ላሉት አያቴ ደወለች፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ «ከሳ» ሆኖ የተነሣው ወሬ ደብረ ብርሃን ሲደርስ «አልጋ ያዘ» ሆኗል። አያቴ ስለት ተሳሉ። ቴል አቪቭ ያለው የአጎቴ ልጅ «ሐኪም ቤቱ ምን አላችሁ?» ብሎ ጻፈልኝ፤ የትኛው ሐኪም ቤት እንደሆነ እኔም ለማወቅ ጓጓሁ። ዐሥር ሰዓት ገደማ ጎረቤቶች ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ይዘው ለጥየቃ መጡ። ዘበኛችን በር ሲከፍትና ሲዘጋ አመሸ። ታማሚው በጠያቂዎቹ እግር መሐል እየተሽሎኮለከ ሦስት ሙዝ በላ፤ አራተኛውን ልጦ ሶፋው ላይ አሸው። ራት ሲቀርብለት በእርግጥም አፉን ገጠመ። ጠያቂዎቹ ተያዩ። «እንግዲህ በዓይናችን አየን» አሉ።

ሌሊት ኔትወርኩ ሲሻል አክስቴ ያንን የደረቀ ምስል አስቀርተውት ኖሮ ላኩልን። «ይህን እያያችሁ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳችኋል?» የሚል ጽሑፍ አክለውበታል። አየነው። ልጃችን አይደለም። ሊጫወት የመጣው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ድቡልቡሉ» የሚለው፣ እናቱ የሰው ዓይን ፈርታ የምትሸሽገው። የእኛው በዚያ ሰዓት ጠረጴዛ ሥር ነበረ። ይህንኑ በትሕትና ጻፍንላቸው። መልሳቸው ደቂቃ አልፈጀም፦

«እንዲያ ከሆነማ የእናንተው ምን ያህል ከስቶ ይሆን!»

በወሩ በመንገደኛ እጅ ቫይታሚን ደረሰን። የድብ ቅርጽ ያለው፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት፣ ከረሜላ ነው ቢባል ማንም የማይከራከርበት ቫይታሚን። ልጁ ድቡን ካልበላሁ ብሎ ምግብ እምቢ ይላል፤ ድቡን ከበላ በኋላ ደግሞ ምግብ አያስፈልገውም።

ምዘና ያለ ማዘዣ እንደማይመጣም መመስከር አለብኝ። አንዷ አብሽ ታዛለች፣ ሌላዋ ተልባ፣ ሦስተኛዋ የዓሳ ዘይት። «ወስፋት ነው» የሚል አለ፤ «ቡዳ ነው» ብሎ ጤናዳም የሚቆርጥ አለ። እጅግ ለጋሷ ደግሞ ከእኅቷ ልጅ የተረፈ «የምግብ ፍላጎት የሚከፍት» ሽሮፕ ይዛ ትመጣለች፤ ክዳኑ በስኳር የተጣበቀ፣ መጠኑ የተጻፈበት ወረቀት የተላጠ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ሽሮፕ ለአለርጂ የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ያስርባል፣ ያስተኛልም። ሕፃኑ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲያንቀላፋ «አያችሁ እንዴት እንደተረጋጋ?» ይባላል። እዚያው ክርስትናው ላይ እኚያ እናት በመጀመሪያ ብስኩት ሰጡት። ቀጥለው ለስላሳ በብርጭቆ። ቀጥለው ከመቀነታቸው ከረሜላ ፈቱለት። ሩብ ሰዓት ቆይተው የእኔን ጭብጥ የሚያህል የዶሮ ወጥ ጉርሻ ወደ አፉ አስጠጉ። ልጁ ፊቱን አዞረ። «አላልኋችሁም?» አሉ፣ እንደ ነቢይ።

ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ድካም ይቆጥብ ነበር። 3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በዓመቱ 9 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ሁለት ኪሎ ከምናምን ይጨምራል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ አምስት ዓመቱ በዓመት ሁለት ኪሎ ገደማ። በወር ሲካፈል 200 ግራም አይሞላም። ዕድገቱ ረገብ ሲል ረኃቡም ረገብ ይላል፤ ትናንት ጡጦውን ይዞ የሚያጓራው ልጅ ዛሬ ሁለት ጉርሻ በልቶ ከወንበሩ ይወርዳል። መዛኞቻችን የሚመኙለት ግን በመጀመሪያው ዓመት ፍጥነት እንዲቀጥል ነው። ይቀጥል እንበል፦ ሁለት ዓመት ሲሞላው 27 ኪሎ፣ ሦስት ሲሞላው 81፣ አራት ሲሞላው 243። ይህ ለመዋዕለ ሕፃናት ሳይሆን ለቅርጫ የሚታሰብ ነው።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ፊቱ ድንገት ሞልቶ የወጣ አንድ ሕፃን ነበር። መዛኞቹ ተደሰቱ። «ወዙ ተመለሰ፣ እናቱ ያዘችበት» አሉ፤ ያ ልጅ ወር ሙሉ ከጉልት ዳር ሳይነሣ፣ ሳይጫወት፣ ሲነጫነጭ የከረመ ነው። እግሩን በአውራ ጣት የተጫነችው አንዲት የጤና ሠራተኛ ናት። ጣቷን ስታነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ውፍረት አልነበረም፤ ከምግብ እጥረት የመጣ እብጠት ነው። ያን ክረምት ልጁን ቀበርነው። ሰፈር ሙሉ ዓይን ነበረን፣ አንዱም አላየም! እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። «ምነው ልጁ አጠረ?» ብሎ የጠየቀ መዛኝ ግን ሰምቼ አላውቅም፤ «አባቱም ድንክ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጉንጭ ብቻ እያዩ «እንጥሉ ወርዶ ነው የማይበላው፣ አስቆርጡለት»፣ «ግጉን አስነቅሉለት» የሚሉትንማ በምን ቃል ላመስግን? ባልተቀቀለ ምላጭ የሕፃን ጉሮሮ የሚያስነኩ፣ ደም ሲፈስ «ክፉው ወጣለት» የሚሉ፣ መንጋጋ ቆልፍ ሲመጣ ደግሞ ለቅሶ ለመድረስ የሚቀድሙ ሰዎች ናቸው። እናትየዋን አሥር ቀን እንቅልፍ ነሥተው፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ ምላጭ የሚገፏት እነሱ ናቸው።

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ከክርስትናው ማግስት ባለቤቴ ሥራ አልገባም አለች፤ ልጁን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። እንደ ሱሪ ባለ ማንጠልጠያ ሚዛኑ ላይ ተሰቀለ። እግሮቹን እንደ ዶሮ እያወራጨ ጮኸ፤ መርፌው መቆም እስኪችል ሁለት ጊዜ ተጀመረ። 12 ነጥብ 4 ኪሎ። ሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ነርሷ ክንዱን በጥብጣብ ለካች፦ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12 ነጥብ 5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። የእሱ 14 ነጥብ 8። ካርዱ ላይ ነጥብ አስቀመጠችና ካለፉት ነጥቦች ጋር አገናኘችው። «መስመሩን ይዞ እየወጣ ነው» አለች። «ሻይ አታብዙበት፣ ከምግብ በፊት ብስኩትና ለስላሳ አስቀሩ፣ አትጋቱት። ምን እንደሚቀርብ እናንተ ወስኑ፣ ስንት ጉርሻ እንደሚበላ እሱ ይወስን። መስመሩ ከተኛ ወይም ከወረደ፣ ተቅማጥ ከያዘው፣ ጨዋታ ከተወ፣ ያን ጊዜ ሳታድሩ አምጡት።» አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ብስኩት አልሰጠችውም፤ አልደነገጠችም። በእኛ ደረጃ ሲታይ በሙያዋ ገና ጀማሪ ናት።

ባለቤቴ ያን ሌሊት ካርዱን ትራሷ ሥር አድርጋ ተኛች።

በነጋታው በምሳ ሰዓት ልጁ ጠፋብኝ። ጓዳ የለም፣ ጠረጴዛ ሥር የለም፣ ጎረቤት የለም። ከበሩ አጠገብ ካለችው የዘበኛችን የቆርቆሮ ቤት ሳቅ ሰማሁና ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ባለ ጉዳዩ የተገለበጠ ጄሪካን ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ የዘበኛው ምሳ ዕቃ አለ፤ እጁ እስከ ክርኑ ሽሮ ነው። ፍትፍቱን እየዛቀ ይጎርሳል፤ በመካከሉ አረንጓዴ ቃሪያ ያነሣና ጫፉን ቀምሶ ወደ ዘበኛው አፍ ይወረውራል።

«ጋሼ፣ አይበላም እያላችሁ የምትጨነቁለት ይኼን ልጅ ነው?» አለኝ ዘበኛው። «እኔ እኮ ምሳዬን በቅጡ ከበላሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁት። እውነትም ከስቷል።