«አምስት ዓመት ቀድሞ ይናገራል» የተባለው የደም ምርመራ

እ.ኤ.አ. በ2019 መገባደጃ ላይ ከእንግሊዙ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ አንድ ዜና ወጣ። የደም ምርመራ የጡት ካንሰርን ምልክቱ ከመታየቱ እስከ አምስት ዓመት ቀድሞ ሊያገኝ ይችላል የሚል ነበር። እናቱን ወይም እህቱን በዚህ በሽታ ያጣ ሰው እንዲህ ያለ ዜና ሲያነብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እኛ አገር መቼ ይመጣል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚጠየቅ አለ ባይ ነኝ። ምርመራው ምን ያህሉን ያገኛል? ስንቱንስ ያልፈዋል?

ምርመራው የሚፈልገው አውቶአንቲቦዲን ነው። አንቲቦዲ ሰውነታችን ቫይረስንና ባክቴሪያን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፤ ከኮቪድ ወዲህ ስሙን ያልሰማ የለም። አንዳንዴ ታዲያ ሰውነት በገዛ ራሱ ፕሮቲን ላይም አንቲቦዲ ያመርታል። አውቶአንቲቦዲ የሚባለው ይሄ ነው። ካንሰር ሲጀምር የሴሎቹ ፕሮቲን ቅርጹ ይለወጣል፣ ወይም ከልክ በላይ ይመረታል፣ ወይም ሴሎቹ ሲሞቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይፈስሳል። የመከላከያ ሥርዓቱ ያን ሲያይ እንደ ባዕድ ቆጥሮት ይነሳበታል።

ተመራማሪዎቹን የሳባቸው ይህ ነው። ገና ትንሽ የሆነ እጢ ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ኢምንት ስለሆነ በቀጥታ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ሰውነት ግን ለዚያች ኢምንት ፕሮቲን ብዙ አንቲቦዲ ያመርታል። አንቲቦዲው ደግሞ ቶሎ አይጠፋም፤ በደም ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ተመራማሪዎች የጡት ካንሰር ባለባቸው ሴቶች ደም ውስጥ ፒ53 በተባለው ፕሮቲን ላይ የተነሳ አንቲቦዲ አግኝተዋል። ፒ53 ጤናማ ሲሆን ሴል ያለ ልክ እንዳይባዛ የሚጠብቅ ነው። አንቲቦዲው የተገኘው ግን ከ100 ሴቶች በ9ኙ ገደማ ብቻ ነበር። ችግሩ ያኔም ታይቷል። የሴቶቹ ካንሰር አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአንዷ ሰውነት የሚነሳበትን ፕሮቲን የሌላዋ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ አንድ አንቲቦዲ ብቻውን አይበቃም፣ ብዙዎቹን አንድ ላይ እንይ ተባለ።

የኖቲንግሃሙ ቡድን ያደረገው ይህንኑ ነው። የ90 ታማሚዎችንና የጡት ካንሰር የሌለባቸውን የ90 ሰዎች ደም አነጻጸረ። በዘጠኝ ፕሮቲኖች ላይ የተነሱ አውቶአንቲቦዲዎችን በመፈለግ ከታማሚዎቹ 37 በመቶውን ለየ። ካንሰር ከሌለባቸው ደግሞ 79 በመቶውን «የለባችሁም» አለ። ብዙ አንባቢ ያላስተዋለው ነገር አለ። የታማሚዎቹ ደም የተወሰደው በሽታው በተነገራቸው ጊዜ እንጂ ከአምስት ዓመት በፊት አይደለም። አምስት ዓመት የተባለው ተስፋ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ገና ብዙ መረጋገጥ እንዳለበት ተናግረዋል፤ ርዕሱን ያየ ሰው ግን እዚያ ድረስ አያነብም።

እስቲ ቁጥሩን እናስላው። 10,000 ሴቶች ተመረመሩ እንበል፤ ለምሳሌ ያህል 50ዎቹ ያልታወቀ ካንሰር አለባቸው። ምርመራው 18 ወይም 19ኙን ያገኛል። የቀሩትን ከ30 በላይ ሴቶች «ነፃ ናችሁ» ብሎ ይሸኛቸዋል። ካንሰር ከሌለባቸው መካከል ደግሞ ወደ 2,100 የሚጠጉትን ያስደነግጣል። ከተደናገጡት ሁሉ በእርግጥ ካንሰር ያለባት ከመቶ አንዷ እንኳ አትሆንም። እነዚህ ሁሉ አልትራሳውንድና ማሞግራም (የጡት ራጅ) ይፈልጋሉ። በየትኛው ማሽን? በየትኛው ሐኪም?

አውቶአንቲቦዲ እንደ ግቢ ውሻ ነው፤ ለሌባም ለእንግዳም ይጮሃል። ሉፐስን በመሳሰሉ፣ የመከላከያ ሥርዓቱ የገዛ ሰውነቱን በሚያጠቃባቸው ሕመሞች ብዙ ይገኛል፤ ጤነኛ ሰው ላይም አይጠፋም።

ይህን ስል ነገሩን ማጣጣሌ አይደለም። ዛሬውኑ በሕክምና ላይ ያለበት ቦታ አለ። አንዲት ሴት በሳምንታት ውስጥ ሚዛኗን ታጣለች፣ አነጋገሯ ይተሳሰራል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ደሟ ሲመረመር አንቲ-ዮ የተባለ አንቲቦዲ ይገኛል። ሰውነቷ ካንሰሩን ለመዋጋት ያመረተው መከላከያ ሚዛን የሚጠብቁትን የአንጎል ሴሎችም አብሮ እያጠቃ ነው ማለት ነው። ሐኪሞች ያን ሲያዩ ወዲያው ጡቷንና የእንቁላል ማምረቻዋን ይፈትሻሉ፤ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚያ ነው። ሕመሙ ብርቅ ነው፤ እንዲህ ላለችው ሴት ግን ይህ የደም ምርመራ ጥርት ያለ መንገድ ያሳያል። ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን በበዛበት የጡት ካንሰር ላይ የሚሰጠውን መድኃኒት ትራስቱዙማብንም ላንሳ። እሱም በቤተ ሙከራ የተሠራ አንቲቦዲ ነው፤ አሜሪካ ከፈቀደችው ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብዙ ሴቶችን ዕድሜ አርዝሟል።

ወደ አገራችን ልምጣ። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። እብጠቱን ግን ብዙዎቹ በእጃቸው ዳስሰው ያውቁታል። አያምም ብለው ይተዉታል፣ ጸበልና የባህል መድኃኒት ይሞክራሉ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው «ምንም አይደለም» ተብለው ይመለሳሉ፣ ወይም ለናሙና ወደ ሌላ ከተማ ሲላኩ የመሳፈሪያ ያጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ሴቷ ሐኪም ዘንድ ከቀረበች በኋላ የጡት ካንሰር ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይመክራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በእጅ የሚዳሰሰውን እብጠት በጊዜው መርምረን ውጤት መስጠት ሳንችል፣ የማይታየውን በሚፈልግ ምርመራ ተስፋ ስናደርግ።

ስለዚህ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች፣ ከጡቷ ጫፍ ደም የወጣ ወይም ቆዳዋ የተሰረጎደ ሴት የደም ምርመራ መጠበቅ የለባትም። በደም ብቻ አጣራልሻለሁ የሚላት ካለም አትመነው። ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ባለሙያ፣ ማለትም ናሙናውን በአጉሊ መነጽር በሚመረምር ሐኪም መታየት አለበት።

ምርምሩም ቢሆን እንዲያመልጠን አልፈልግም። እኛ ጋ ታማሚዎቹ ከአውሮፓዎቹ በዕድሜ ያነሱ ናቸው። ለነሱ የተሠራ ምርመራ ለኛ ሴቶች ይሠራል ብሎ መገመት አይቻልም። የካንሰር ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎቻችን ፈቃደኛ ከሆኑ ታማሚዎች፣ ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት፣ ትንሽ ደም ወስደው በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ይችላሉ። ጤና ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን ዛሬ ቢጀምሩት፣ የተሻለ ምርመራ በመጣ ጊዜ በኛው ሴቶች ደም መፈተሽ ይቻላል።