የተተኮሰ ቀለሃ ርካሽ ጥይት አይሆንም

«በለቅሶና በሠርግ የተተኮሰውን ቀለሃ ለቅሞ መልሶ መሙላት ወጪን በግማሽ ይቀንሳል» ላልከው የደብረ ማርቆሱ ወንድሜ፦ ይህን እኛ ጎጃም ውስጥ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ ግን ስህተት ነው። ከጥይቱ ዳግም የሚያገለግለው ቀለሃው ብቻ ነው። ባሩዱ፣ አረሩና ከሥር የምትመታው መቀጣጠያ ሁሌም አዲስ ይገዛሉ። የክላሽ ቀለሃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው። ውስጡን በባትሪ ብታየው ከመሃል ወጣ ያሉ ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ታገኛለህ፤ የተለመዱት መሙያ መሣሪያዎች የተሠሩት ግን መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ላለው የናስ ቀለሃ ነው። ቁጠባው የሚያዋጣው እንደ አሜሪካ ዕቃው በሕግ በሚሸጥበት አገር፣ ዒላማ ላይ በብዛት ለሚተኩስ ሰው ነው፤ ለእሱም የመሣሪያው ዋጋ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። ባሩዱ ከልኩ ካለፈ ጠመንጃው ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። እባክህ፣ ይህን ለልጆቹ አትምከር።