ዋንጫ በነሐሴ አይነሳም

ወገኖቼ፣ የመሃል አዲስ አበባ የኳስ ደጋፊዎች፣ ስሙኝ። ከስታዲየም ዙሪያ እስከ አምባሳደር፣ ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ ባሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች የእንግሊዝ ሊግ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት «ዘንድሮ የኛ ነው» የማይል የለም። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱት ቤቶች ወደ ሌላ ሰፈር ቢሄዱም ክርክሩ አብሯቸው ሄዷል። ቡድናችሁን መውደዳችሁን ማንም አይነካባችሁም። የምገስጻችሁ ፍቅርን ከስሌት ጋር ስለምትቀላቅሉ፣ በተቀላቀለውም ነገር ላይ የቤት ኪራይ ስለምታስይዙና ከጎረቤት ስለምትቀያየሙ ነው።

በመጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ። አንድ ወረቀት አምጡ፤ ቤቱ ውስጥ ካለው ከየቡድኑ አንድ አንድ ደጋፊ ምረጡ። ሳይነጋገሩ፣ እያንዳንዱ ቡድኑ ዋንጫ የማንሳት ዕድሉ ከ100 ስንት እንደሆነ ለብቻው ይጻፍ። የአርሰናሉ 80፣ የሲቲው 70፣ የሊቨርፑሉ 60፣ የቼልሲው 40፣ የማንቼው 30 ቢሉ ድምሩ 280 ይሆናል። ዋንጫው ግን አንድ ነው። ድምሩ 100 ብቻ መሆን ነበረበት፤ ያውም ስማቸው ያልተጠራው 15 ቡድኖች ድርሻ በውስጡ ሆኖ። የተረፈው 180 ነገር ከየት መጣ? ከምኞት ነው። 80 ያለው ሰው ቁጥሩን ለ280 አካፍሎ በ100 ቢያባዛ 29 ገደማ ያገኛል። ቤቱ ሲጣላ የከረመው በ80 ነበር፤ እውነቱ ምናልባት ከሠላሳ በታች ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የራሳችሁን ቡድን 38ቱንም ጨዋታ ከዳር እስከ ዳር ታያላችሁ፤ የተፎካካሪውን ግን ጎሎቹን ብቻ በስልክ ታያላችሁ። እናንተ ስትሸነፉ ዳኛ ነው፣ ቫር (የቪዲዮ ዳኛው) ነው፤ እነሱ ሲያሸንፉ ዕድል ነው። በዚህ ዓይን የታየ ሊግ ሁልጊዜ የእናንተ ይመስላል።

አሁን ወደ ነጥቡ እንምጣ። ከ2016 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ (የእንግሊዝ ሊግን ዓመት ሁሉ የምጠራው በእነሱ አቆጣጠር፣ ሊጉ በሚያልቅበት ዓመት ነው) የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮኖች የሰበሰቡት ነጥብ በቅደም ተከተል 81፣ 93፣ 100፣ 98፣ 99፣ 86፣ 93፣ 89፣ 91 እና 84 ነው። አማካዩ 91 ነው። 91 ነጥብ ማለት ለምሳሌ 28 ማሸነፍ፣ 7 አቻ፣ 3 ሽንፈት ማለት ነው፤ ሲቲ በ2024 ዋንጫውን ያነሳው በዚሁ ውጤት ነው። በዚያው ዓመት አርሰናልም 28 ጨዋታ አሸንፏል። ልብ በሉ፣ እኩል 28! ልዩነቱ አርሰናል 5 አቻ ወጥቶ 5 መሸነፉ ነበር፤ 89 ነጥብ ይዞ ሁለተኛ ሆነ። ከአዲስ ዓመታቸው በኋላ ከተጫወተው 18 ጨዋታ 16ቱን አሸንፎ፣ በአንዱ ብቻ ተሸንፎ፣ አልበቃም። ሲቲ የመጨረሻ ዘጠኙን በተከታታይ አሸነፈ። ጥሩ ቡድን መሆን ሻምፒዮን ለመሆን ይበቃል የምትሉ፣ ይህን ዓመት መልሳችሁ እዩት። ሊቨርፑል በ2019 97 ነጥብ ሰብስቦ ዋንጫውን አላነሳም።

ከሁሉ በላይ የምትስቱት ግን «እየመራን ነው» ስትሉ ነው። የ2023ቱን አርሰናል ደረጃ በደረጃ እንየው፤ በዚህ ከተማ በስህተት ስሌት ብዙ ሰው ያለቀሰው በዚያ ዓመት ስለሆነ። በመጀመሪያዎቹ 19 ጨዋታዎች 50 ነጥብ ሰበሰበ። ያኔ ደጋፊው በሁለት አባዝቶ 100 አለ። በሁለተኛው ዙር ያገኘው ግን 34 ብቻ ነው። ሚያዝያ ሲገባ (የእነሱ ኤፕሪል ነው) 29 ጨዋታ ተጫውቶ 72 ነጥብ ነበረው፤ ሲቲ 64። ስምንት ነጥብ ልዩነት! ሆኖም ሲቲ የተጫወተው 28 ነበር። ያልተጫወተውን አንድ ጨዋታ እንዳሸነፈ ቁጠሩት፤ ስምንቱ አምስት ሆነ። ደግሞ አርሰናል ገና ወደ ሲቲ ሜዳ ይሄዳል፤ እዚያ ከተሸነፈ አምስቱ ሁለት ይሆናል። ያ ስምንት ነጥብ በእውነት ሲታይ የሁለት ነጥብ ብልጫ ነበር፤ በሠንጠረዡ ላይ ግን ስምንት ተብሎ ተጻፈ፣ እናንተም ስምንት ብላችሁ ጨፈራችሁ።

ከዚያ የሆነው ይታወቃል። በሊቨርፑል ሜዳ 2 ለ 0 መርቶ 2 ለ 2፤ በዌስትሃም ሜዳም እንዲሁ 2 ለ 0 መርቶ 2 ለ 2፤ በራሱ ሜዳ ከሠንጠረዡ ግርጌ ካለው ሳውዝሃምፕተን ጋር 3 ለ 3፤ ከዚያ በሲቲ 4 ለ 1። ከቀሩት 9 ጨዋታዎች 27 ነጥብ ሊገኝ ይችል ነበር፤ የተገኘው 12 ነው። ሲቲ ከቀሩት 10 ጨዋታዎች 25 ሰብስቦ በ89 ጨረሰ። ምክንያቱን «ወኔ» ብላችሁ አትለፉት። ተከላካዩ ሳሊባ በመጋቢት ከስፖርቲንግ ጋር በነበረው የአውሮፓ ጨዋታ ተጎድቶ የውድድር ዓመቱ አለቀበት፤ በዚያው ጨዋታ ቶሚያሱም ወጣ። በቦታቸው የሚተካ እኩያ ተከላካይ ተቀያሪ ወንበር ላይ አልነበረም። ይህ ደግሞ ኤፕሪል ላይ የተፈጠረ አይደለም፤ የተጫዋቾቹ ዝርዝር ነሐሴ ላይ ሲታይ የሚታወቅ ነበር።

የማንቼ ደጋፊዎችም አትሳቁ። በ2012 ስድስት ጨዋታ ሲቀር ስምንት ነጥብ ትመሩ ነበር፤ እኩል 89 ላይ ጨርሳችሁ ዋንጫው በጎል ክፍያ ሄደ። ሲቲ 64 ንጹህ ጎል ነበረው፣ እናንተ 56። ኒውካስልም በ1996 12 ነጥብ መርቶ አጥቷል።

እንግዲህ እንዴት ይቆጠር? «የቀሩት አምስት ጨዋታዎች ቀላል ናቸው፣ 15 ነጥብ» የሚለውን አቁሙ። ሻምፒዮን የሆነ ቡድን እንኳ ከ38 የሚያሸንፈው 28 ገደማ ነው፤ ይህም ከ100 በ74 ነው። አምስት ተከታታይ የማሸነፍ ዕድሉን ለማወቅ 0.74ን አምስት ጊዜ በራሱ አባዙት፤ 0.22 ይመጣል። ማለትም የሻምፒዮን አቅም ያለው ቡድን እንኳ ከአምስት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ 15 የሚያገኘው ከአምስት ጊዜ አንዴ ያህል ነው። ለአምስት ጨዋታ 12 ነጥብ ያዙ፤ ከዚያ በላይ ከመጣ ትርፍ ነው። ለተፎካካሪያችሁም በዚያው መስፈሪያ ቁጠሩ። ለራስ 15፣ ለሌላው 9 መስጠት ስሌት አይደለም።

ሌላም አለ። ቢጫ ካርድ ቁጠሩ፦ በመጀመሪያዎቹ 19 ጨዋታዎች አምስት ቢጫ ያየ ተጫዋች አንድ ጨዋታ፣ እስከ 32ኛው አሥር የሞላበት ሁለት ጨዋታ ይቀጣል። የአማካይ ቦታችሁ በአንድ ሰው ላይ ከቆመ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአፍሪካ ዋንጫ በጥርና በአካባቢው ሲውል ማን እንደሚሄድባችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ። ማክሰኞና ረቡዕ ማታ 5 ሰዓት ላይ የሻምፒዮንስ ሊግ የሚጫወት ቡድን ቅዳሜ ቀን 9:30 ሜዳ ሲገባ እግሩ ከባድ ነው፤ ይህን የተፎካካሪ ጊዜ ብቻ ሳይሆን የራሳችሁም ጊዜ አስቡት።

«ሌስተርስ?» የምትሉ አላችሁ። አዎ፣ በ2016 አንድ ለ5000 የተሰጠው ቡድን በ81 ነጥብ አንስቷል። ያን ዓመት ያስታወሳችሁት ብርቅ ስለሆነ ነው፤ በየዓመቱ ሠንጠረዥ ላይ ተስፋ አድርገው ሳይሳካላቸው የቀሩትን ማን ያስታውሳቸዋል?

የራሳችን ሊግም ያው ነው። የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊዎች በዋንጫው ስትጨቃጨቁ፣ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት ወሰደው፤ በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ንግድ ባንክም እንዲሁ። ቡናዎች፣ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳችሁት በ2003 ዓ.ም. አንዴ ነው፤ ድጋፋችሁ ከማንም የማያንስ ሆኖ ሳለ። ድጋፍ ነጥብ ሆኖ አይመዘገብም።

ብሔራዊ ቡድናችንስ? ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን እንዳለፍን ቆጥረን መንገድ ላይ ወጣን። በዚያው ቀን ፊፋ ጉዳይ መክፈቱ ተሰማ፦ ሁለት ቢጫ የነበረበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ነበር። ሦስት ነጥብ ተቀነሰ። ካርድ የሚቆጥር አንድ ሰው ቢኖር የማይሆን ነገር ነበር። እንደገና አሸንፈን ምድቡን መርተን ወደ ጥሎ ማለፉ ስንገባ፣ ናይጄሪያ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. እዚሁ 2 ለ 1፣ ኅዳር ላይ ካላባር 2 ለ 0 አሸነፈችን። ያ ቡድን ታላቅ ሥራ ሠርቷል፤ ክብር ይገባዋል። ከጥሎ ማለፉ በፊት ብራዚል እንደገባን ያወራነው ግን ለልጆቹ ሸክም እንጂ ጉልበት አልሆናቸውም።

አሁን ስለ ገንዘቡ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ቤቲንግ ቤት የሚሰጣችሁ ኦድ (ብትበሉ ያስያዛችሁት ብር የሚባዛበት ቁጥር) የቡድናችሁን ዕድል ይነግራችኋል፣ ግን ከፍ አድርጎ ነው። 1ን ለኦዱ አካፍሉ። ለባለሜዳ 1.80፣ ለአቻ 3.60፣ ለእንግዳ 4.50 ቢሰጥ፦ 55.6፣ 27.8፣ 22.2 ይመጣል። ድምሩ 105.6 ነው። ከ100 በላይ ያለው 5.6 የቤቱ ድርሻ ነው። አንድ ጨዋታ ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ቲኬት ላይ ጨዋታ በጨመራችሁ ቁጥር ግን ድርሻው እየተባዛ ይሄዳል። ስምንት ጨዋታ ያለው ቲኬት ላይ ካስያዛችሁት 100 ብር በአማካይ 65 ገደማ ብቻ ነው ለተጫዋቹ የሚመለሰው።

በብር እንየው። ስምንት «የማይሸነፉ» ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው በ1.40። ሲባዛ 14.76 ይሆናል፤ 50 ብር 738 ያመጣል። ደስ ይላል። የየጨዋታው ትክክለኛ ዕድል ከ100 68 ገደማ ስለሆነ ግን ስምንቱም አብረው የሚመጡት ከ22 ጊዜ አንዴ ነው። 22 ቲኬት በ50 ብር 1100 ብር ነው፤ የምታገኙት 738። «አንድ ጨዋታ ነው ያበላሸብኝ» የምትሉት ዕድላችሁ ጠማማ ስለሆነ አይደለም፤ ስምንት ጨዋታ ያለው ቲኬት እንዲሞት አንዱ መበላሸቱ ብቻ ይበቃል። ያበላሸው ደግሞ የራሳችሁ ቡድን ሊሆን ይችላል፣ ሳታስቡ መጀመሪያ የምታስገቡት እሱን ስለሆነ። በነሐሴ «ሻምፒዮን ይሆናል» ብላችሁ ያስያዛችሁትም እስከ ግንቦት ድረስ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ላም አለኝ በሰማይ።

አደገኛው ሰዓት የትኛው እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከቀኑ 9:30 የጀመረው ጨዋታ ቲኬቱን ሲያቃጥል፣ 12 ሰዓት ላይ ለማካካስ ሌላ ይቆረጣል፤ ያም ሲበላሽ ማታ 2:30 ላለው ጨዋታ እጥፍ ይያዛል። የወሩ የቤት ኪራይ የሚሄደው በዚህ ሦስተኛ ቲኬት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስትወጡ የምታጡትን ብቻ በኪሳችሁ ያዙ፣ በስልክ ያለውን የባንክ መተግበሪያ ቤት አስቀሩ ወይም የዕለት ገደብ አድርጉበት። ጓደኛችሁ ሁለተኛውን ቲኬት ሊቆርጥ ሲነሳ አታበድሩት፤ ቢቆጣችሁም ይቆጣ። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ በራፉ ላይ ስታዩ ዝም ብላችሁ አትለፉ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቁና ወደ ቤቱ መልሱት።

ከዚህ ወር ጀምሮ እያንዳንዱን ቲኬት ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፦ ቀን፣ የተያዘው ብር፣ የተመለሰው ብር። የበላችሁትን ብቻ ሳይሆን የተበላችሁትንም። ወሩ ሲያልቅ ሁለቱን ደምሩና ለባለቤታችሁ ወይም ለእናታችሁ አሳዩ። ለማሳየት ካፈራችሁ፣ በሚቀጥለው ወር ቲኬት አትቁረጡ።