አባይን የተሻገረ ሁሉ አላየውም

«አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ግን አባይን ተሻግሮም ሳያየው የሚያልፈው ይበዛል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በእኔ ግምት ከአገራችን አውራ ጎዳናዎች ሁሉ ለዓይን የሚበልጥ ነው። ይሁንና ተጓዡ መኪናውን ከአስፋልቱ አውጥቶ ያለ ስጋት የሚያቆምበት፣ ቆሞም የሚያይበት፣ ይህ ነው የሚባል የተዘጋጀ ስፍራ አያገኝም።

ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ ያስደረበው ብርድ በቁልቁለቱ ላይ ያለችውን የፍልቅልቅን መንደር አልፈው ድልድዩ ዘንድ ሲደርሱ በቆላ ሙቀት ይተካል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ገደሉ ራሱ ነው። ከላይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ያለበት የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጀሶ፣ ከታች ደግሞ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ተደራርበው ይታያሉ። የሥነ ምድር ሊቃውንት የጀሶውን ንጣፍ የሰየሙት በጎሐ ጽዮን ስም ነው። ይህ አገር በአንድ ዘመን ባሕር እንደነበረ ከአውቶቡስ መስኮት ማየት ይቻላል፤ የሚያስረዳ አንዲት ሰሌዳ ብትኖር።

ታሪኩም ከመልክዓ ምድሩ አያንስም። ከገደሉ በፊት ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ደብረ ሊባኖስ ይወስዳል፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ መነኮሳት የተረሸኑት የዚህ ገዳም ልጆች ናቸው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ከስደት ሲመለሱ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው፣ አባይን ተሻግረው ነው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውና በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ደግሞ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ቆሟል።

መንገዱ በመሬት መንሸራተት የሚታመስ፣ ተሳቢ ከባድ መኪኖች በከባድ ማርሽ የሚያቃስቱበት ስለሆነ ሰው እንዲቆም መጋበዝ አደጋ ነው የሚሉ አሉ። ስጋቱ እውነት ነው። ሸክላማው አፈርና ከገደሉ የተናደው ልቅ ድንጋይ በክረምት ውኃ ሲጠግብ ይንሸራተታል፤ አስፋልቱም አብሮ ይሸበሸባል። ነገር ግን ሰዉ ዛሬም ይቆማል፤ የሚቆመው በመታጠፊያ ላይ፣ ከኋላው የሚመጣውን ሳያይ፣ ፍሬኑ ከጋለ የጭነት መኪና ፊት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይቁም አይቁም ሳይሆን የት ይቁም ነው። የጃፓን ባለሙያዎች በዚሁ ገደል ባካሄዱት የመሬት መንሸራተት ጥናት የሚንቀሳቀሰው መሬት የቱ እንደሆነ ተለይቷልና ለማረፊያ የሚሆነውን የረጋ ስፍራ መምረጥ ከባድ አይሆንም።

በገበታ ለሀገር ጎርጎራን የመሰለ የመዝናኛ ስፍራ ተሠርቷል፤ ይህን አልነቅፍም። ሆኖም ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ ጎርጎራ የሚጓዝ ሰው በዚህ ገደል በኩል ሲያልፍ የሚጠብቀው እንግዳ ተቀባይ የለም፤ የሆቴል ደረጃ የማያስፈልገው፣ በጥቂት ወጪ የሚሠራ ነገር ተዘሏል። በእርግጥ በአሁኑ ጊዜ ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት የሚጠይቀው ስለ ውበት ሳይሆን «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብሎ ነው፤ ይህ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ስለ ጉብኝት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። መንገዱ ግን እስከዚያም ይጠገናል። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ለቀጣዩ ጥገና ውል ሲያዘጋጅ በሁለቱ አፋፎችና ከድልድዩ በላይ ባለው ዳገት ላይ አጥር፣ የውኃ መውረጃና የማብራሪያ ሰሌዳ ያላቸው ሦስት ማቆሚያዎችን ቢያካትት፣ አስተዳደራቸውንም በጎሐ ጽዮንና በደጀን ለተደራጁ ወጣቶች ቢሰጥ፣ ለዚህ የተለየ ፕሮጀክት መጠበቅ አያስፈልግም።